የበርሜሉ ምርቃት

ዝም አይነቅዝም ይላሉ። እኔም ይህንኑ አምኜ ነው ያረጀሁት። እዚህ ሌሞ፣ ከሆሳዕና በጋሪ በሚደረስባት ቀበሌያችን፣ ሰው ሁሉ ሲያወራ እኔ የምለው አንድ ቃል ነው፦ "አዎ።" ጠብ አያመጣም። ታዲያ ባለሥልጣን ይህን ቃል እንዴት እንደሚወደው ታውቃላችሁ?

አንድ ቀን ሊቀመንበራችን ደጄ ድረስ መጣ። መቼም ባለሥልጣን ደጃችሁ ከመጣ፣ ወይ ምርጫ ደርሷል ወይ ምስክር ጎድሎታል።

"አባባ፣ ነገ የውሃ ቦኖው ይመረቃል። ከዞን እንግዶች አሉ። እርስዎ ይመርቁልናል። ውሃ አገኛችሁ ወይ ሲሉዎት 'አዎ' ይበሉ። በቃ!"

ቦኖው አለ፤ አልክድም። ሲሚንቶው ያምራል፣ ቧንቧው ያብለጨልጫል። የሌለው ውሃው ነው። መስመሩ እኛ ጋ ሳይደርስ ቆሟል። ወረቀት ላይ ግን ደርሷል። ሊቀመንበሩ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ከቦኖው በላይ ጉብታው ላይ፣ ከእንሰቱ ጀርባ፣ በርሜል አስቀመጠ። በጎማ ከቧንቧው ጋር አገናኘው። ከዚያ ሴቶቹን ከወንዝ አስቀድቶ አስሞላው። ባለቤቴም ተሸክማለች፤ በዚያ በታመመ ወገቧ።

ተመልሳ ስትመጣ ጀሪካኑን እግሬ ሥር ጣለችው።

"ቦኖው 'አለቀ' ተብሎ ከተጻፈ፣ መስመሩ ለሌላ ቀበሌ ይሄዳል። እኛ ከወንዛችን ጋር እንቀራለን። ስማ! ነገ 'አዎ' ብለህ ከመጣህ፣ ከነገ ወዲያ ውሃ የምትቀዳው አንተ ነህ!"

አስቡት እንግዲህ። ዕድሜ ልኬን ያኖረኝ ቃል በአንድ ቀን ጀሪካን ሆኖ ጀርባዬ ላይ ሊወጣ!

በማግስቱ ሊቀመንበሩ ቧንቧውን ከፈተ። ውሃው ፈሰሰ፤ ተጨበጨበ። ከዞን የመጣችው ኃላፊ ወደ እኔ ዞረች።

"አባባ፣ ውሃ አገኛችሁ?"

ሊቀመንበሩ ዓይኑን አፈጠጠብኝ።

"ልጄ፣ ምርቃቱን ላስቀድም" አልኩ።

እኛ ዘንድ ሽማግሌ ሲመርቅ አሜን የማይል የለም። ኦርቶዶክሱም ጴንጤውም ይላል። አፍ ቀድሞ ይላል፤ ጆሮ ኋላ ይሰማል።

"ዝናሙን በጊዜው ያዝንምልን!"

"አሜን!"

"እንሰታችንን ከበሽታ ይጠብቅልን!"

"አሜን!"

"ከእንሰቱ ጀርባ ያለውን በርሜል፣ ሳያልቅ እግዜር ይሙላልን!"

"አሜን!"

"ትናንት ከወንዝ ቀድተው የሞሉትን ሴቶች ወገባቸውን ያጽናልን!"

የሴቶቹ አሜን ጉብታውን አናወጠው። ለበርሜሉ ግን ከሁሉ ጮሆ አሜን ያለው ማን ይመስላችኋል? ሊቀመንበሩ! መዳፉን ወደ ሰማይ እንደዘረጋ ደርቆ ቀረ።

"የምን በርሜል?" አለች ኃላፊዋ።

ቧንቧው ራሱ መለሰላት፤ ሁለቴ ሳለ፣ ተንጠባጠበ፣ ቆመ። ኃላፊዋ ቀሚሷን ሰብስባ እንሰቱ ውስጥ ገባች። ስትወጣ ጎማው በእጇ ነበር።

"መስመሩ እስኪደርስ ይህ ቀበሌ ውሃ ከሚጠብቁት ዝርዝር አይወጣም!"

እልልታው ቀለጠ። ክረምት ሳይገባ መስመሩ ደረሰ። አሁን ባለቤቴ ደጃችን ላይ ትቀዳለች። ወንዙንም እኔንም ንቃ ትታናለች።

ሊቀመንበሩስ? አለ። የት ይሄዳል? ባለፈው ሳምንት ድልድይ ሊያስመርቅ ደጄ መጣ። ዘንድሮ ብልህ ሆኗል። የታጠፈ ወረቀት አስጨበጠኝ።

"አባባ፣ ምርቃቱን ጽፈን አዘጋጅተናል። ከዚች ላይ ሳይወጡ ያንብቡልን።"

እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። አገር ያውቃል። ለካ በጎልማሶች ትምህርት ጊዜ "በቀበሌያችን ማንበብ የማይችል የለም" ብሎ ሪፖርት ያደረገው እሱ ነው። የራሱን ሪፖርት አምኖት ይሆናል።

ወረቀቱን በሁለት እጄ፣ በክብር ተቀበልኩና፦

"አዎ" አልኩት።