የእትዬ ውዴ ስፖንጅ

ሐበሻ በተሰደደበት አገር ሁሉ ሐኪም ሊታጣ ይችላል፤ በሽተኛ ጠያቂ ግን ታጥቶ አያውቅም። ጠያቂ ስል እንደ እኔና እንደ እናንተ ይሉኝታ ይዞት አንድ ቀን ብቅ የሚለውን፣ ብርቱካኑን አስቀምጦ ስልኩን እያየ ለመውጣት ሰበብ የሚፈልገውን ማለቴ አይደለም። ዋናውን ማለቴ ነው፤ ሰው ሲታመም ሥራ አገኘሁ ብሎ የሚነሳውን። በጅቡቲ ከተማ ይህንን ከፍተኛ ኃላፊነት ማንም ሳይሾማቸው ለብዙ ዓመታት ይዘው የሚገኙት ክብርት እትዬ ውዴ ናቸው። ከዚህ በኋላ ግን «አንቺ» እያልኩ እቀጥላለሁ፤ አንቱ ያላትን ሰው «መቃብሬን ቆፈርክልኝ እንዴ?» ብላ ትቆጣለች።

እትዬ ውዴ ካርቲየ አራት በሚባለው ሰፈር ገበያ ውስጥ ሰልባጅ ትሸጣለች። ትሸጣለች ማለት ያው አንዳንዴ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ዕቃዋን የምትሸጥላት የጎን ጎረቤቷ ናት፣ ባለቤቲቱ ጥየቃ ላይ ናትና። የሰው መታመም ወሬ ከታማሚው ቀድሞ እሷ ዘንድ ይደርሳል። የትራንዚት ቢሮ ባልደረባዬ ፋኢዛ አንድ ቀን እሷ ዘንድ ሸሚዝ ስታማርጥ ብታስነጥስ፣ በማግስቱ እትዬ ውዴ አጥሚት በፔርሙዝ ይዛ ቢሯችን ድረስ መጣች። ፋኢዛ ያስነጠሳት የሰልባጁ አቧራ መሆኑን ብትናገርም ሰሚ አላገኘችም። በዚያ ሙቀት፣ አየር ማቀዝቀዣው በተበላሸበት ቀን፣ ትኩስ አጥሚቷን እስከ ጭላጩ ጠጣች።

አገባቧ ሁሌም አንድ ነው። ጫማዋን እያወለቀች «አልቆይም፣ አይቼሽ ልሂድ ብዬ ነው» ትላለች። ከዚያ ማራገቢያው የሚነፍስበትን ቦታ ታጠናና ትቀመጣለች፤ ፀሐይ ስትጠልቅም እዚያው ናት። ብርቱካን ለበሽተኛው ትልጣለች፣ በሽተኛው አፉ መሮት እንቢ ሲል «ከሚበላሽ» ብላ ራሷ ትበላዋለች። ስትበላ ደግሞ ወሬ ያምራታል። የምታመጣው ወሬ በበሽታው ዓይነት የተመረጠ ነው። ለኩላሊት ታማሚ በኩላሊት የሞተ ሰው፣ ለስኳር ታማሚ በስኳር የሞተ ሰው አላት። «እሱም ልክ እንዳንቺ በቀኝ ጎኑ ነበር የጀመረው፣ ነፍሱን ይማረውና» ትላለች። የታማሚዋ ፊት ሲለወጥ ስታይ «ያንቺ እንኳን ሌላ ነው፣ አይዞሽ» ብላ ወደሚቀጥለው ሟች ታልፋለች።

የከባድ መኪና ሾፌሩ ዋለልኝ ወባ ይዞት ሆስፒታል የተኛ ጊዜ እትዬ ውዴ ክፍል ተሳስታ ገባች። አልጋው ላይ ተሸፋፍነው የተኙት አንድ የአፋር ሽማግሌ ነበሩ። ፊታቸውን ሲገልጡ ስህተቷን አወቀች፤ ግን አንዴ ተቀምጣለች፣ ብርቱካኑም ተልጧል። እሷ በአማርኛ፣ እሳቸው በአፋርኛ ሲጫወቱ ዋሉ። ነርሷ መጥታ በፈረንሳይኛ የመጠየቂያ ሰዓት አብቅቷል ብትላት «ሜርሲ፣ ሜርሲ» ብላ ይበልጥ ተደላደለች። ዋለልኝ ድኖ፣ መኪናውን ይዞ የጋላፊን ድንበር ከተሻገረ በኋላ እንኳ ሽማግሌውን መጠየቅ አላቆመችም። በኋላ ልጆቻቸው የግመል ወተት ይዘውላት ገበያ ድረስ መጡ።

ፈረንጆች ቤት ተቀጥራ እዚያው የምታድር አንዲት ልጅ ታማ ሳለ ደግሞ፣ ዘበኛው አላስገባም ቢላት «እናቷ ነኝ» አለችው። እመቤቲቱ የልጅቷ እናት ከአገር ቤት መጣች ብላ ሳሎን አስቀምጣ ጭማቂ ቀዳችላት። እትዬ ውዴ ጭማቂዋን ጠጥታ ስታበቃ የእመቤቲቱም ዓይን ማበጡን ልብ አለችና እሷንም ጠየቀቻት። ሲለያዩ ልጅቷ የዕረፍት ቀናት ተሰጥቷት ነበር፣ እመቤቲቱም አጥሚት መጠጣት ተምራለች።

የእኔ ተራ የደረሰው ግራ ጡቴ ላይ ዕብጠት የተገኘ ጊዜ ነው። ካንሰር ነው ተባለ። አዲስ አበባ ሄጄ ጡቴን አስቆረጥኩ፣ ኬሞ ወሰድኩ፣ ጨረር ተደረገልኝ፣ ፀጉሬ ሄዶ ተመለሰ፣ እኔም ካርቲየ ሰባት ወዳለው ቤቴ ተመለስኩ። እትዬ ውዴ ከሻንጣዬ እኩል ገባች ማለት ይቻላል። እንደማትቆይ ከነገረችኝ በኋላ ከፌስታል ውስጥ የጡት መያዣ አወጣች፤ ከሰልባጁ መርጣ ያስቀረችልኝ፣ ዳንቴል ያለው። በግራው በኩል ከፍራሽ የተቆረጠ ስፖንጅ በእጇ ሰፍታበታለች። አልብሳኝ ዙሪያዬን ዞራ አየችኝ፣ ስፖንጁን በአንድ እጇ፣ ቀሪውን ጡቴን በሌላ እጇ እንደ ቲማቲም መዘነችና «ግራው ይበልጣል እንጂ አያንስም» አለች። እውነቷን ነው፣ ይበልጣል። ከታመምኩ ጀምሮ ሆዴን ይዤ የሳቅኩት ያን ቀን ነው።

ባለቤቴ ዮሳዲቅ መዳኔ ሲነገረን ስለት ነበረብኝ ብሎ ፍየል አረደ። ሰዉ በላ፣ ጠጣ፣ «እንኳን እግዜር ማረሽ» ብሎ ሳመኝና ሄደ። የዚህ ቃል ክብደት የገባኝ ከዚያ በኋላ ነው። እንኳን ማረሽ የተባለ ሰው፣ ያውም ፍየል የታረደለት፣ አመመኝ ብሎ በምን አፉ ይናገራል? እኔን ግን ያመኝ ነበር። ብብቴ ሥር ያቃጥለኛል። ክንዴን ወደ ላይ ሳነሳ ከውስጥ የሚጎትተኝ ነገር አለ፤ ቢሮ ውስጥ ከመደርደሪያ ላይ ፋይል ለማውረድ ፋኢዛን መለመን ጀምሬያለሁ። ከሁሉ የባሰው ግን ማሳከኩ ነው። ግራ ጡቴን ያሳክከኛል። የሌለውን። ጫፉን ሳይቀር።

ይህን ለማን ይናገሩታል? ለዮሳዲቅ እንዳልነግረው ገና መሳቅ መጀመሩ ነው። ለፋኢዛ ብነግራት ታለቅሳለች። ለራሴም ቢሆን ሙሉውን አልነገርኩም፤ ከማሳከኩ ጀርባ አንድ ሐሳብ ተደብቆ ነበር፣ ተመልሶ መጥቶ ቢሆንስ የሚል። ሰው እንዴት ነሽ ሲለኝ «ደህና፣ እግዜር ይመስገን» እላለሁ፤ ሰው ዞር ሲል በሸሚዜ ላይ ስፖንጁን ማከክ ነው። ስፖንጅ ማከክ ምን እንደሚያረካ አትጠይቁኝ።

ሌላው ሰው ከፍየሉ በኋላ መምጣት ሲያቆም እትዬ ውዴ አላቆመችም። ለምን ብትባል ልማድ ነው ትላለች። አንድ ቀን ታዲያ ስፖንጁን እያከክኩ እጅ ከፍንጅ ያዘችኝ። ፊቷ ወዲያው ጠቆረ። የመሰላት ስፖንጇ ትኋን ይዟል ነው። አውልቂ አለችኝ፣ ወሰደችው፣ ቀቀለችው፣ ጣሪያ ላይ በፀሐይ አድርቃ መልሳ ሰፋችው። ያሳክከኛል። ከፍራሽ ሻጩ ከዘከሪያ ጋር ገበያ መሃል ተጣላች፤ እሱ ፍራሹ አዲስ መሆኑን በአላህ እየማለ፣ እሷ ትኋን ሸጥክልኝ እያለች። ለመገላገል ሌላ ስፖንጅ በነጻ ሰጣት። ያም ያሳክከኛል። ጥጥ ሞከረች። ያሳክከኛል። እኔም ያንን ምስኪን ሰውዬ ገበያ ውስጥ ባየሁት ቁጥር አንገቴን ደፍቼ ማለፍ ጀመርኩ።

በመጨረሻ አንድ አርብ ከሰዓት መጣችና አልቆይም ሳትል ተቀመጠች። ያኔ ነገሩ ከባድ መሆኑን አወቅኩ። ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

«በገዛ እጄ ነው ያሳመምኩሽ» አለች። «በቁስል ላይ ፍራሽ መስፋት ምን የሚሉት ነው? ከእንግዲህ አንቺን የማይበት ዓይን የለኝም።»

እንዲህ ሆና ልተዋት አልቻልኩም።

«እትዬ ውዴ፣ ስፖንጁ አይደለም» አልኳት።

«ታዲያ ምንድን ነው?»

«ጡቴ ነው። የተቆረጠው። ያሳክከኛል፣ ያቃጥለኛል፣ አንዳንዴ እንዲያውም አለ ብዬ እነካዋለሁ።» ከዚያ ለማንም ያልተናገርኩትን ተናገርኩ። «ተመልሶ መጥቶ ይሆናል ብዬ ፈርቻለሁ።»

በዚህ በሽታ የሞተ ሰው ታሪክ እንደማታጣ አውቃለሁ። ጠበቅኩ። አላወራችም። ብርቱካን እንኳ አልላጠችም። ጫማዋን አድርጋ «ነገ ሐኪም ቤት እንሄዳለን» አለችና ወጣች።

ከእትዬ ውዴ ጋር ሆስፒታል መግባት ከባለሥልጣን ጋር እንደመግባት ነው። ዘበኛው ስለ ጉልበቱ ሕመም ሪፖርት ያቀርብላታል፣ ነርሶቹ ጉንጯን ይስማሉ። በስንት ቀጠሮ የሚገኘው ዶክተር ጅብሪል ዘንድ ወዲያው ገባን። በፈረንሳይኛ ጠየቀኝ፣ ደረቴንና ብብቴን በእጁ ፈተሸ፣ አልትራሳውንድና የደም ምርመራ አዘዘ። ውጤቱ እስኪመጣ ያሉትን ቀናት እንዴት እንዳሳለፍኳቸው አላወራም። እትዬ ውዴ በየቀኑ ከጎኔ ተቀምጣ፣ እንዳታስደነግጠኝ፣ ታሞ ያልሞተ ሰው ወሬ ልታወራኝ ትሞክር ነበር፤ ዋለልኝን ከጨረሰች በኋላ ሌላ አጣች።

ውጤቱ መጣ። ዶክተሩ አልተመለሰም አለ። ሕመሙ የነርቭ ነው፤ በቀዶ ጥገናው ጊዜ የተቆረጡ ነርቮች አሉ፣ አንጎል ግን ጡቱ አሁንም ያለ ይመስለዋል፤ እንዲህ የሚሆኑ ሴቶች ብዙ ናቸው አለኝ። ነርቭ የሚያረጋጋ ክኒን አዘዘልኝ፣ ጣቶቼን ግድግዳ ላይ እያስኬድኩ ክንዴን የማፍታታበትን መንገድ አሳየኝ። ሕመሙ ጨርሶ ላይጠፋ እንደሚችልም አልደበቀኝም። እኔ ግን አልተመለሰም ከሚለው ቃል በኋላ የሰማሁት በግማሽ ጆሮ ነው።

እንደወጣሁ ለዮሳዲቅ ደወልኩለትና ደህና ነኝ አልኩት፤ ቀጥዬም ያመኛል አልኩት። ግራ ገባው። ሁለቱንም በአንድ ትንፋሽ መናገር እንዴት እንደሚያሳርፍ በስልክ ላስረዳው አልቻልኩም።

ግቢው ውስጥ፣ የኒም ዛፍ ጥላ ሥር አግዳሚ ላይ ተቀመጥንና ዶክተሩ ያለውን ለእትዬ ውዴ በአማርኛ ነገርኳት። አንጎሌ ጡቴ መሄዷን አያውቅም አልኳት። ራሷን እየነቀነቀች አዳመጠችኝ።

«አልተረዳም በይኛ» አለች። «መርዶ አልደረሰውም።»

እዚህ ከተማ እንዲህ ያለ ሰው ብዙ አይተናል፤ እናቱ አገር ቤት ከሞተች ወራት አልፈው፣ ማንም ደፍሮ ሳይነግረው፣ ሰላም በሉልኝ እያለ የሚኖር።

«አንቺንስ ማን አረዳሽ?» ብላ ቀጠለች። «ሁላችንም መጥተን እንኳን ማረሽ አልን፣ በላን፣ ሄድን። አልቅሺ ያለሽ ሰው አለ?»

አልነበረም። እትዬ ውዴ ለሐኪም ቤት ብላ የለበሰችውን ነጠላ እንደ ሐዘንተኛ አዘቀዘቀች። ትከሻዬን ይዛ ድምጿን ዝቅ አደረገች።

«እህቴ፣ እንግዲህ ጠንከር በይ» አለችኝ። «ጡትሽ አርፋለች።»

መጀመሪያ ሳቅኩ። አግዳሚው እስኪነቃነቅ ነው የሳቅኩት። ከዚያ ሳላስበው ሳቁ ወደ ለቅሶ ዞረ። ጡቴ ከተቆረጠች ጀምሮ አልቅሼላት አላውቅም ነበር፤ ተርፌ ሳለሁ ለእሷ ማልቀስ ውለታ ቢስነት ይመስለኝ ነበር። በልጅነቴ ብቅ ያለች ጊዜ መጽሐፍ ደረቴ ላይ አቅፌ የደበቅኳት፣ ቆይቶ የኮራሁባት የራሴ ጡት ናት፤ አለቀስኩላት። እትዬ ውዴም አብራኝ አለቀሰች፣ ከእኔ ይልቅ የእሷ ድምፅ ይሰማ ነበር። እጄ ወደ ደረቴ ሲሰነዘር ግን ቀልጠፍ ብላ ያዘችው።

«ደረት መምታት የለም፣ ሐኪሙ አልፈቀደም።»

በዚህች ሴት ለዓመታት ስቄያለሁ፣ ዛሬም እየሳቅኩባት ነው። ግን ከጠያቂ ሁሉ አንድ ምረጪ ብባል እሷን ነው የምመርጠው። እወዳታለሁ።

ለበሽተኛ ምሳ በጨርቅ ቋጥረው የሚያልፉ አንዲት ሶማሊ እናት ለቅሷችንን ሰምተው ቆሙ። ማን ሞተባችሁ ብለው በሶማሊኛ ጠየቁን። እትዬ ውዴ አፍንጫዋን እየጠረገች፣ እሳቸው ማንን ሊጠይቁ እንደመጡ፣ ምን እንዳመመው፣ የትኛው ክፍል እንደተኛ መጠየቅ ጀምራ ነበር። ስለዚህ ለሴትዮዋ የመለስኩላቸው እኔ ነኝ።

«ማንም አልሞተም፣ እናቴ» አልኳቸው።