ሁለት በሬ የተሸጠለት ግሪል

ሰው አዋቂ ለመባል ለምን እንደሚማር አይገባኝም። ከአንደኛ ክፍል እስከ ዩኒቨርሲቲ ሲገፋ ኖሮ፣ ዓይኑን አፍዝዞ፣ ወገቡን አጉብጦ፣ በመጨረሻ የሚያተርፈው «ይሄ ልጅ እኮ ብዙ ያወራል» መባልን ነው። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። የቆጠርኩት ከብት ነው። ግን ሸዋ ሮቢት ውስጥ መሬት የሚካፈል፣ ልጁን የሚድር፣ ጉድጓድ የሚያስቆፍር ሁሉ መጀመሪያ እኔ ዘንድ ይመጣል። ለምን ቢሉ፣ አልናገርም። ሚስጥሩ ይኸው ነው፤ ሌላ የለም። ሰውየው ይጠይቃል፣ እኔ መሬት መሬት አያለሁ፣ እሱ ራሱ ያወራል፣ ራሱ ይመልሳል፣ ከዚያ «አላህ ይስጥልኝ ጋሽ እንድሪስ፣ ገላገሉኝ» ብሎ እጄን ስሞ ይሄዳል። እኔ በዚያ ሁሉ ጊዜ የማስበው አብዛኛውን ስለ ጉልበቴ ነው።

ታዲያ ይሄን ሁሉ ቃል ከየት አመጡት እንዳትሉኝ። የምትጽፍልኝ ልጄ ናት። እኔ ሦስት ቃል ስል እሷ ሠላሳ ታደርገዋለች፤ በእናቷ ወጥታ ነው።

የኖርኩት በሬ በመምረጥ ነው። ከማጀቴ እስከ አጣዬ፣ በሬ ሊገዛ ገበያ የወጣ ሰው እኔን ከጎኑ ሳያቆም አይዋዋልም ነበር። አሠራሬ ቀላል ነው። በሬውን አንድ ጊዜ ዞሬ አየዋለሁ፣ ሽንጡን በመዳፌ ገፋ አደርገዋለሁ፣ አፉን ከፍቼ ጥርሱን አያለሁ፣ ከዚያ ባለቤቱን ፊት ለፊት እያየሁ ዝም እላለሁ። በሬ እኮ አይዋሽም። የሚዋሸው ባለቤቱ ነው፤ እሱ ደግሞ ዝምታ አይችልም። መጀመሪያ «እንዲህ ያለ በሬ ይፋት ምድር ላይ አልተወለደም» ይላል። ዝም። «በርግጥ ልጅ ነው ማለቴ አይደለም።» ዝም። «ቀኝ እግሩን ባለፈው ክረምት ነካ አድርጎት ነበር።» ዝም። «ኧረ ይማሩኝ ጋሼ! ይዋጋል! አማቴን ወግቶብኛል!»

አንድ ቀን የሟች እህቴ ልጅ ሁሴን መጣና፣ አጎቴ፣ ሁለቱን በሬዎቼን ልሸጥ ነው አለኝ። እነዚያን በሬዎች የመረጥኩለት እኔ ነኝ። ሁሴን ከአስፋልቱ ዳር፣ ከማንጎ ዛፍ ሥር ጥብስ ቤት ከፍቷል። የደሴ አውቶቡሶች ለምሳ ይቆማሉ፤ ግን ከሰሉ ተቀጣጥሎ ስጋው እስኪበስል ሹፌሩ ጡሩምባውን ይነፋል፣ ተሳፋሪውም ያልበላውን ጥብስ እየተሳደበ ይሳፈራል። «የጋዝ ግሪል ቢኖረኝ ግን፣» አለ ሁሴን፣ «ቁልፉን ጠምዘዝ ማድረግ ብቻ ነው። ሰዉ እጁን ታጥቦ ሳይቀመጥ ስጋው ይደርሳል።»

ሚስቱ ዘሃራ ይህን ስትሰማ ሳቋን ለቀቀችው። የዘሃራ ምላስ ሽንኩርት ይከትፋል። «በሬ ሸጠህ ክዳን ያለው ምድጃ ልትገዛ!» አለችው። «በሬ ቢያረጅ ይታረዳል፤ ይሄ ቢያረጅ ምኑ ይታረዳል?» ሁሴን ዞሮ እኔን አየኝ። እኔ ማንጎውን አየሁ። «ይኸው፣ አጎቴም ተስማምተዋል» አለ። በሬዎቹ ተሸጡ።

እንግዲህ ይህ ዕቃ እንደ ማንኛውም ዕቃ አይደለም። ከተበላሸ ሁሴን የሚያርስበትም የለው፣ የሚጠብስበትም የለው፤ የሚቀረው አራት ልጅና የዘሃራ ምላስ ነው። ይህን ስላወቀ፣ ግሪሉንም አንቱ ካልመረጡልኝ ሞቼ እገኛለሁ አለ። በዕድሜዬ ግሪል የሚባል ነገር አይቼ አላውቅም ልለው ነበር፤ ዓረፍተ ነገሩ ረዘመብኝና ተነሳሁ።

ግሪል የሚሸጥበት ሱቅ ሄድን። ሻጩ ጸጉሩን በቅባት ያስተኛ፣ አፉ የማያርፍ ወጣት ነው። መጀመሪያ ያሳየን ግሪል እንደ ሙሽራ ያብረቀርቃል። ጎማ አለው፣ መደርደሪያ አለው፣ ክዳኑ ላይ ሙቀቱን የሚቆጥር ሰዓት አለው። «ሙሉ ስቴንለስ ነው ፋዘር፤ ዝናብ አይል ፀሐይ አይል፣ ለልጅ ልጅ ይተርፋል» አለኝ። እኔም እንደለመድኩት ሽንጡን በመዳፌ ገፋ አደረግኩት። ከነእግሩ ተንቀጠቀጠ። በሬ ቢሆን ወባ አለበት እል ነበር። ከዚያ ክዳኑን ከፍቼ አፉን አየሁና ወደ ልጁ ዞሬ ዝም አልኩ።

«ማለቴ… ስቴንለሱ ክዳኑ ነው» አለ። ዝም። «ሆዱ ላሜራ ነው፤ ግን ጥሩ ቀለም ተቀብቷል።» ዝም። «ቀለሙ አንድ ክረምት ይቆያል።» ላብ ጀመረው። ሸዋ ሮቢት ላይ ላብ ብርቅ አይደለም፤ ይሄ ግን የሙቀት ላብ አልነበረም። «እሺ ፋዘር፣ በቃ! እሳት የሚወጣባቸው ቧንቧዎች ስስ ናቸው! ባለፈው የወሰደው ሰውዬ፣ የጠበስኩት ስጋውን ሳይሆን ቧንቧውን ነው ብሎ ሰድቦኝ ሄዷል!»

ከዚህ በኋላ ልጁ ራሱ እየመራ ወደ ጓሮው ወሰደን። ጥግ ላይ ካርቶን የተከመረበት አንድ ጥቁር፣ አጭር፣ ደረተ ሰፊ ነገር ቆሟል። የሚገዛው ጠፍቶ እንደ ጠረጴዛ ይገለገልበት ነበር። ገፋሁት፤ ንቅንቅ አላለም። ስጋው የሚያርፍበትን ፍርግርግ ላነሳ ብል በአንድ እጅ እምቢ አለኝ፤ ድፍን ብረት ነው። የእሳት ቧንቧዎቹ ወፋፍራም ናቸው። ብሎኑ ጥቂት ነው፤ ብሎን የበዛበት ዕቃ ሁልጊዜ አንዱ ይጎድለዋል። ሆዱን በጣቴ ኳ ባደርገው እንደ ጣሳ አልጮኸም፣ ድምፁን ዋጠው። መልኩ አስቀያሚ ነው። ታዲያ መልክ የሌለው በሬ ገበያ የሚወጣው በሥራው ብቻ ስለሆነ የሚታመነው እሱ ነው። ራሴን ነቀነቅኩ። ተገዛ።

እዚህ ላይ ቢያበቃ ምንኛ ጥሩ ነበር! ጥፋቱ የመጣው ከአፌ ነው። ቤት እንደደረስን ሁሴን «አጎቴ፣ አያያዙስ?» አለኝ። አብሮት የመጣው ወረቀት በቻይንኛ ነው። እዚያ ወረቀት ፊት የተማረውም ያልተማረውም እኩል ቆመን ነበር፤ አልዋሽም፣ ደስ ብሎኛል። ሁሴን ግን ዓይኑን ከእኔ አልነቀለም። ቢጨንቀኝ «እንደ በሬው» አልኩት። ሁለት ቃል። ጥላ ፈልግለት፣ ተጠንቀቅለት፣ ሥራው ሲያበቃ አሳርፈው ማለቴ ነው።

ሁሴን ቃል በቃል ያዘው። ሥራ ሲያበቃ ጆንያ ያለብሰዋል። ጁምዓ ጁምዓ ያሳርፈዋል። ጎኑን እየዳበሰ ያናግረዋል፤ ዘሃራ እንደምትለው እሷን ተናግሯት በማያውቀው ቃል። እስከዚህ ማንም አልተጎዳም። ጉዳቱ የትሪው ነው። ከግሪሉ ሆድ ሥር፣ ከስጋው የሚንጠባጠበው ስብ የሚወርድበት ትሪ አለ። ዘሃራ ይህን ትሪ አውጥታ ልትደፋ ስትል ሁሴን ይከለክላታል። «አጎቴ እንደ በሬው ብለዋል። በሬ ሲሰባ ሞራውን የሚቀንስለት ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ?» ይላታል። እሷም ወደ እኔ ዞራ «አባባ፣ እውነት ይሄ ልክ ነው?» ትላለች።

ልክ እንዳልሆነ ታይቶኛል። ስብ ከእሳት ሥር ሲጠራቀም ምን እንደሚከተል ለማወቅ ቻይንኛ አያስፈልግም። ነገር ግን ላስረዳ ብል ቢያንስ አሥራ አምስት ቃል ይፈጃል፤ በዚያ ሙቀት! ነገ እነግራቸዋለሁ ብዬ ማንጎውን አየሁ። «አየሽ፣» አለ ሁሴን፣ «ዝም አሉ።»

ትሪው ሞላ።

ሐሙስ በምሳ ሰዓት ሁለት አውቶቡስ ባንድ ጊዜ ቆመ። ግቢው መቆሚያ አጣ። ሁሴን እንደዚያ ቀን ፊቱ በርቶ አያውቅም፤ የግሪሉን ቁልፍ ሁሉ እስከ መጨረሻው ጠምዝዞ የፍየል ጎድን ደረደረበት። ከእኔ ጎን ጎረቤታችን ሐጂ ኡመር ተቀምጧል፤ ጨርቅ ነጋዴ ነው፣ ከነገር ሁሉ ምክር የሚያወጣ ሰው ነው። ከፊታችን አንዱ ሹፌር ሻይ ይጠጣል፤ ክርስቲያን ስለሆነ የኛን ስጋ አይቀምስም። እኔ ከአግዳሚው ላይ ሆኜ ወደ ግሪሉ ሳይ፣ ሰማያዊ መሆን ከነበረበት እሳት በታች ቀይ ነገር ይንቀለቀላል። ትሪው ነው።

መጮህ ነበረብኝ። ለመጮህም ግን ልምድ ያስፈልጋል። «ሁሴን» አልኩ፣ ጨው አቀብለኝ እንደሚባለው አድርጌ።

የኔ ዝና ያመጣውን ጉድ እንግዲህ ተመልከቱልኝ። ሌላ ሰው ቢጠራው ሁሴን እዚያው ቆሞ «መጣሁ!» ይልና ሥራውን ይቀጥል ነበር። እኔ ስለጠራሁት መቆንጠጫውን ጣለ፣ እጁን በሽርጡ ጠረገ፣ ለግሪሉ ጀርባውን ሰጥቶ መጣና ከፊቴ ጎንበስ አለ። «አቤት አጎቴ!» ሐጂ ኡመር አጨበጨበ። «ጸጥ በሉ! ጋሽ እንድሪስ ሊናገሩ ነው!» ግቢው ጸጥ አለ። ተሳፋሪው ማን እንደሆንኩ ሳያውቅ ማኘኩን አቆመ። ሁሉም ዓይን እኔ ላይ ነው፤ ከሁሴን ትከሻ በላይ ነበልባሉ ሽቅብ ሲወጣ የሚያይ እኔ ብቻ ነኝ።

«እሳት» አልኩ።

ሐጂ ኡመር ዓይኑን ጨፈነ። «አላሁ አክበር!» አለ ቀስ ብሎ። «በአንዲት ቃል! ሰው ሆዱን ሊሞላ ሲጋፋ፣ እሳቸው የአኺራውን እሳት አስታወሱን። አላህ ከጀሀነም እሳት ይጠብቀን!»

«አሚን!» አለ ግቢው ሁሉ። ሁሴን ሁለት እጁን ዘርግቶ አሚን አለ። ሹፌሩ ሳይቀር ብርጭቆውን አስቀምጦ አማተበ።

«የለም፣ እሳት!» አልኩ፣ በጣቴም አመለከትኩ።

ሐጂ ኡመር እንባው መጣ። «ቅርብ ነው እያሉን ነው! ከኋላችሁ እየተከተለ ነው እያሉን ነው!»

«አሚን!»

ያዳነችን ዘሃራ ናት። ቃሪያ ይዛ ከጓዳ ብቅ አለች፣ አየች፣ ቃሪያውን ጣለች። «አንተ ሰውዬ! ሁለት በሬ እየነደደብህ አሚን ትላለህ!» ብላ እየጮኸች ሮጣ የጋዝ ሲሊንደሩን ቁልፍ ዘጋች። የግሪሉን ከባድ ክዳን በእንጨት ገፍታ ግው አድርጋ ከደነችው። አንድ ተሳፋሪ በጆግ ውሃ ሊደፋ ሲል «ስብ ላይ ውሃ? ቤቱን ልትጨርስልኝ ነው?» ብላ ክንዱን መታችው። እሳቱ አየር አጥቶ ታፈነ። ሦስተኛው አሚን ሳይደርስ አለቀ።

ጭሱ ሲያልፍ የማንጎው አንድ ቅርንጫፍ ተለብልቧል፣ የፍየሉ ጎድን ከሰል ሆኗል። ሁሴን እስኪበርድ ጠብቆ ክዳኑን ከፈተ። እንደታመመ ከብት ጎኑን ዳበሰው። ማንም አልሳቀበትም፤ ዘሃራም እንኳ። ፍርግርጉን ጠረገው፤ አልጎበጠም። ቧንቧዎቹን አንድ በአንድ ዳሰሰ፤ አልተቀደዱም። የተለበለበውን የጋዝ ጎማ በአዲስ ቀይሮ ለኮሰው። ሰማያዊ ሆኖ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ፣ ቡፍ አለ። ያ ወባ ያለበት ቢሆን ኖሮ ዛሬ ቆራሌው ጆንያ ውስጥ ነበር። ሁሴን ተቀመጠና ፊቱን በሽርጡ ሸፈነ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ የግሪሉ ኃላፊ ዘሃራ ናት። ትሪው በየቀኑ ይደፋል። ፍርግርጉ በትኩስነቱ በሽቦ ብሩሽ ይፈገፈግና ዘይት ይቀባል፣ እንዳይዝግ ነው። ሲሊንደሩ ጥላ ሥር፣ ከእሳቱ ራቅ ብሎ ይቆማል። ጎማውን የሳሙና አረፋ ትቀባዋለች፤ አረፋው እየተነፋ ከመጣ ጋዝ ያፈሳል ማለት ነው። ሥራ ሲያበቃም መጀመሪያ የሚዘጋው የሲሊንደሩ ቁልፍ ነው። ይህን ሁሉ ስታደርግ ማንንም አታማክርም። በተለይ እኔን።

እኔም ከእንግዲህ እንደ ሰው ሁሉ አወራለሁ ብዬ ቆርጬ ነበር። ዘገየሁ። አንዱ አውቶቡስ ወሬውን ሽቅብ ደሴ፣ አንዱ አዲስ አበባ አደረሰው፤ ወሬ ደግሞ መንገድ ላይ ይወፍራል። ሸዋ ሮቢት አንድ ወልይ አለ፣ «እሳት» ሲል እሳት ወረደ፣ ሰዉ ዱዓ ሲያደርግ ጠፋ ተባለ። ስለ ዘሃራና ስለ ክዳኑ ያነሳ የለም። አሁን ግማሹ አውቶቡስ የሚቆመው ለጥብሱ፣ ግማሹ እኔን ለማየት ነው። ሁሴን በዚህ ከቀጠለ ለከርሞ በሬ ይገዛል። አስተግፊሩላህ፣ ይህ ነገር ሳይብስ እውነቱን ልናገር ብዬ ሐጂ ኡመርን ጠራሁትና «ትሪው ነው» አልኩት። ራሱን ነቅንቆ ሄደ። በማግስቱ ለድሆች በትሪ ሩዝ ሲያድል ዋለ።

ባለፈው ማክሰኞ ፀሐዩ አናት ሲበሳ ጉሮሮዬ ደረቀ። ዘሃራ ገበያ ሄዳለች። ግቢው በሰው ተሞልቷል፤ ከአስፋልቱ ማዶ፣ በወንዙ በኩል፣ ሽንኩርት ነጋዴዎች ጆንያቸውን ደርድረው መኪና ይጠብቃሉ። የሮቢ ወንዝ ሲሞላ ምን እንደሚያደርግ እነዚህ ሰዎች ያውቁታል። እኔ ይህን ሁሉ አላሰብኩም።

«ውሃ» አልኩ።

ነጋዴዎቹ ጆንያ ተሸክመው ወደ ጋራው ሲሮጡ አየሁ። ሐጂ ኡመር የሱቁን ጨርቅ ጣሪያ ላይ ማውጣት ጀመረ። ሁሴን ከሦስት ተሳፋሪ ጋር ግሪሉን ተሸክሞ አውቶቡሱ ላይ ጫነው፤ ሹፌሩም ቢስሚላህን ከበስመአብ ደባልቆ እየጠራ መኪናውን አስነስቶ ወደ ዳገቱ ተፈተለከ። ግቢው ጭር አለ። አንድ ብርጭቆ የሚያቀብለኝ ሰው አልቀረም።