እትዬ ጠብታና የወንድሜ ጣት

ሰውን ከሞት የሚያተርፈው የሚወደው ሳይሆን የሚያሰለቸው ሰው ነው። አላመናችሁኝም? ትልቅ ቀዶ ሕክምና የተደረገለት የስኳር ታማሚ አስታሙና እዩ፤ እዚያ ክፍል አንዲት እትዬ ጠብታ አትጠፋም።

የእኛዋ ነርስ ናት። ስሙን ያወጣንላት አስታማሚዎች ነን። በየሰዓቱ የስኳር መለኪያዋን ይዛ ከች ትልና «አንዲት ጠብታ ብቻ» ትላለች። ወንድሜን ቀዶ ሕክምና ክፍል ሳይገባ ወጋችው። ሆዱ ተከፍቶ ሳለም ጣቱን አልማሩለትም አሉ። ሲወጣ ደግሞ ገና አልጋው ሳይቆም ደረሰችበት። ትንሽ ይረፍ እንጂ ብላት፣ «ስኳሩ መቼ ያርፋል?» ብላኝ እርፍ። ክብርት እመቤታችን ሐኪም አታምን፣ ታማሚ አታምን፤ የገዛ ማሽኗን እንኳ በጎሪጥ ነው የምታየው። የወንድሜ ሚስት፣ ትንኝ እንኳ ጠጥታ ትጠግባለች ብላ አማቻት። እኔም ጨመርኩበት።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ወንድሜ ምግብ ገና አልተፈቀደለትም። ከንፈሩ ደርቆ ሳየው አንጀቴ አልችል አለ። ብርቱካን ልጬ፣ መብላቱስ ይቅር፣ እንዲያሸተው ብዬ እጁ ላይ አስያዝኩት። ጨመቅ አድርጎ አሸተተና እንቅልፍ ወሰደው። ብርቱካኑን እኔው በላሁት።

እትዬ ጠብታ መጥታ ስትወጋው ማሽኑ ሦስት መቶ ዘጠና አለ። አብሯት የገባው ወጣት ሐኪም ቁጥሩን እንዳየ ኢንሱሊን አዘዘ። መርፌው ተሞላ። ወንድሜን ላብ አጥምቆታል፤ ስጠራው «እ» እንኳ አይልም። ስኳሩ ሊገድለው ነው ብዬ፣ ቶሎ በይ እያልኩ ወተወትኳት።

እሷ ግን ግንባሩን ዳሰሰች። ቀጥሎ ጣቱን አንስታ ወደ አፍንጫዋ አስጠጋች።

«ብርቱካን ማን አስነካው?»

ልጣጩን በእግሬ ወደ አልጋው ሥር ገፋ አደረግሁት።

«ሲስተር፣ እየጠበቅን እኮ ነው» አለ ሐኪሙ።

«እኔም እየጠበቅሁ ነው» አለች፣ ዐይኗን ከእኔ ሳትነቅል።

«እኔ ነኝ» አልኩ። «እንዲያሸተው ብዬ ነው።»

ጣቱን በውሃና በሳሙና አጠበች፣ አደረቀች፣ እንደገና ወጋች። አርባ ስምንት። የሐኪሙ ፊት አመድ መሰለ። ስኳሩ ወርዶ ወርዶ ሊያልቅ ኖሯል፤ ማሽኑ የለካው የእኔን ብርቱካን ነው። ያ ኢንሱሊን ቢገባ ወንድሜ እንደተኛ ይቀር ነበር። መርፌውን አስቀምጣ ግሉኮስ በደም ሥሩ ሰጠችው።

ከሩብ ሰዓት በኋላ ዐይኑን ገለጠና «ይሄ ደግሞ ምን ያፈጥብኛል?» አለ። እንዲህ የጣመኝ ስድብ የለም። የእትዬን እጅ ልስም ጎንበስ ስል መዳፏን ሰበሰበች።

«መጀመሪያ ታጠብ።»

እስከ ክርኔ ታጥቤ ተመለስኩ።