የቱሜ አረቄና የእኔ ሚቶኮንድሪያ

መምህር የሚባል ፍጡር የሚያስተምረው ነገር በራሱ ላይም ይሠራል ብሎ አያስብም። የስፖርቱ መምህር ወንበር ላይ ሲያዛጋ ይውላል፤ የሥነ ምግባሩ መምህር ወረፋ ጥሶ ይገባል። እኔ ደግሞ እዚህ ነገሌ ቦረና ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ስለ ጉበት አርባ ደቂቃ ሳላቋርጥ ተናግሬ፣ ቀጥ ብዬ ወደ ቱሜ አረቄ ቤት እሄዳለሁ። እሄድ ነበር ልበል።

የቱሜ አረቄ እሳት ነው፤ በዚያ ላይ የጾም ነው። እሮብና ዓርብን አክብሬ ወተት የማልነካ ሰውዬ፣ አረቄውን ግን አንድም ቀን አስቀይሜው አላውቅም። የትምህርት ቤቱን ዳገት ሁለት ጊዜ አርፌ ነበር የምወጣው። ባለቤቴ ቀድማኝ ወጥታ ትጠብቀኝ ነበር። እኔ በዳገቱ አሳበብኩ።

ጉዱ የመጣው ቱሜ ያቋረጠችውን ትምህርት ልትቀጥል የቅዳሜና እሁድ ክፍል ስትመዘገብ ነው። የክፍሉ ባዮሎጂ መምህር ማን ሆነና!

አንድ ቅዳሜ ሚቶኮንድሪያ ላይ ደረስን። የሕዋስ ጉልበት ማመንጫ ናት ብዬ ባልፍ ምን ነበረበት? ምሳሌ ካልጨመርኩ አይሆንልኝምና በኤላ መሰልኳት፤ ሰዎች ከሥር እስከ አፍ ተደርድረው ባልዲ እየተቀባበሉ ለከብቱ ውሃ በሚያወጡበት በጥልቁ የቦረና ጉድጓድ። ሚቶኮንድሪያ ውስጥም ጉልበት የሚወጣው ኤሌክትሮን ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ነው፤ አልኮል ሲገባ ቅብብሉ ይዛባል፤ የፈሰሰው ኤሌክትሮን ከኦክስጅን ጋር ተጣብቆ ያገኘውን ሁሉ፣ ግድግዳዋንም ዘረመሏንም፣ እንደ ዝገት ይበላል አልኩ። በራሴ ንግግር ልቤ ተነካ።

ቱሜ እጇን አወጣች። የአሬሮ ገጠር ልጅ ናት፤ ወንድሞቿ ኤላ ወራጆች ናቸው። እነሱ ዘንድ የጠጣ ሰው ጉድጓድ አይወርድም አለች፤ እሱ ከተንገዳገደ ከሥሩ ያሉት ሁሉ ይወድቃሉ። ቀጥላ የተበላሸው ይጠገን እንደሆነ ጠየቀችኝ። መጠጡ በጊዜ ከቆመ ሕዋሱ የተጎዱትን እያስወገደ በአዲስ ይተካል፣ ጉበትም ብዙ ጊዜ ያገግማል አልኳት። ስለ ሌላ ሰው የማወራ መስሎኝ ነበር።

ሰኞ ከሥራ ወጥቼ የለመድኩት ጥግ ተቀመጥኩ። ቱሜ አካም ብላ ሰላም አለችኝና በመለኪያው ፋንታ አንድ ብርጭቆ የላም ወተት አስቀመጠች። ተሳስተሻል አልኳት።

«ላኪ፣ የለም ጋሼ፣ አልተሳሳትኩም» አለች። «አውቄ በሰውነትዎ ኤላ ውስጥ ሰካራም አላስገባም። ራስዎ ነዎት ያስተማሩን።»

ለሌሎቹ ለምን ትቀጃለሽ ብዬ ተከራከርኩ። እነሱ ገና አልተማሩም፣ ተራ በተራ አስተምራቸዋለሁ አለች። ሌላ አረቄ ቤት እንዳልሄድ፣ የነገሌ አረቄ ሻጭ ግማሹ ቅዳሜ ቅዳሜ ፊቴ ነው የሚቀመጠው። ወተቱን ጠጣሁ። በማግስቱ ፈራ ተባ እያልኩ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ፤ ጉበትህ ተጎድቷል፣ ግን በጊዜ ደርሰሃል አለኝ። ከደስታዬ ብዛት ዓይኔ እንባ አቀረረ፤ ለምን እዋሻለሁ?

አሁን ቱሜ እሮብና ዓርብ ሻይ ታቀርብልኛለች፤ ሃይማኖቴንም የምትጠብቅልኝ እሷው ሆናለች። ባለፈው ሳምንት ዳገቱን ሳላርፍ ወጣሁ። ባለቤቴ ከኋላዬ እያለከለከች ቀስ በል አለችኝ፤ እንዲህ ያለ ጣፋጭ ቁጣ ሰምቼ አላውቅም።

በፈተናው ላይ አልኮል በሚቶኮንድሪያ ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት ከምሳሌ ጋር አስረዱ ብዬ ነበር። ቱሜ ቅብብሉን፣ ዝገቱን፣ ማገገሙንም ሳይቀር አንድ በአንድ ጽፋለች። መጨረሻው ላይ «ምሳሌ፦ የባዮሎጂ መምህራችን» ይላል።

ግማሽ ነጥብ ቀነስኩባት። ምሳሌው ጊዜው አልፎበታል።