ጋሼ ከድርን የጣለው ሴራሚክ

ድሮ ሰው ሲደናቀፍ ያየ ሁሉ «እኔን!» ይል ነበር። የወደቀውም ጉልበቱን እያሻሸ፣ በእሱ ፋንታ ልውደቅ ያለለትን የማያውቀውን መንገደኛ አመስግኖ ይሄዳል። «እኔን!» ያለ ሁሉ ከልቡ ነበር አልላችሁም፤ ግን ቃሉ ራሱ እንደ ወጌሻ ያሽ ነበር። ዛሬ እስቲ መርካቶ ውስጥ ወድቃችሁ እዩ። «አያይም እንዴ!» ነው የምትባሉት። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል።

ጋሼ ከድር ልብስ ሰፊ ናቸው። በወጣትነታቸው ከወሎ መጥተው፣ ከሲኒማ ራስ ዝቅ ብላ ባለች ጠባብ ሱቅ ውስጥ ስንቱን ሙሽራ ኮት አልብሰዋል። እኔ ከጎናቸው ቁልፍና ክር እሸጣለሁ። አምና ከፊት ለፊታችን አዲስ ሕንፃ ተሠራና ባለቤቱ የእግረኛውን መንገድ ሳይቀር መስታወት የመሰለ ሴራሚክ አነጠፈበት። ሲደርቅ ፊታችሁን ታዩበታላችሁ፤ ሲዘንብ በፊታችሁ ትደፉበታላችሁ።

አንድ የሐምሌ ጠዋት ጋሼ ከድር የኮት ገበር ገዝተው ሲመለሱ እዚያው ላይ አዳለጣቸው። ሲደፉ፣ አንድ ቦርሳ ሻጭ ወደ መንገዱ ያወጣው የብረት ማንጠልጠያ ግራ ዓይናቸውን መታቸው። ሮጬ ስደርስ፣ ገበሩን ጭቃ እንዳይነካው በአንድ እጃቸው ወደ ላይ ይዘውታል።

«ምንም አልሆንኩም፤ መነጽሬን ፈልጊልኝ» አሉኝ።

ከዚያማ ሰፈሩ ሁሉ ሐኪም ሆነ። አንዱ በጨው ውሃ ይታጠቡ ይላል፤ አንዷ የጡት ወተት ጠብ ይደረግበት ትላለች። እኔስ? «ደም ቋጥሮ ነው፤ ይለቃል» አልኩ። ማን ጠየቀኝ? ቁልፍ ሻጭ ነኝ እኮ!

በአራተኛው ቀን መርፌ ላይ ክር ለማስገባት ሲታገሉ አየኋቸው። «ጥቁር መጋረጃ ወረደብኝ» አሉ ቀስ ብለው። ይዣቸው ሆስፒታል ሄድኩ። ወጣቷ ሐኪም ዓይናቸውን በመብራት መርምራ ወደ እኔ ዞረች።

«የወደቁ ዕለት ለምን አልመጡም? የዓይናቸው የውስጥ ሽፋን ከቦታው ተላቋል።»

ቀዶ ሕክምና ተደረገላቸው። ያ ዓይን አሁን ብርሃንና ጥላ ይለያል፤ ከዚያ አያልፍም።

ደሜ ፈልቶ ባለ ሕንፃው ቢሮ ወጣሁ። በትህትና ወንበር ሳበልኝ።

«እህቴ፣ ሴራሚኩ ምን አጠፋ? ሰው እያየ ይራመድ እንጂ» አለኝ።

«እያዩማ ነበር! ዓይናቸው የጠፋው ከወደቁ በኋላ ነው!»

በማግስቱ «ያዳልጣል፤ ተጠንቀቁ» የሚል ማስታወቂያ አስለጠፈ። የት? ከበሩ በላይ፣ ሰማይ ጥግ። አንጋጦ ያነበበ ይወድቃል፤ ያላነበበም ይወድቃል።

ጋሼ ከድር ግን አልተሳደቡም። አሮጌ ጆንያ ሰብስበው፣ ዓይናቸውን እያጨናበሱ አንዱን ካንዱ ሰፉና ረጅም ምንጣፍ አደረጉት። «አንዱን ዓይኔን ለተወልኝ አላህ ምስጋና ይግባው፤ ሌላው ሰው ደግሞ ሁለቱንም ይዞ ይግባ» አሉኝ። ዝናብ በጣለ ቁጥር ሴራሚኩ ላይ ያነጥፉታል። ዘበኛው «ሕንፃውን ያስጠላዋል» እያለ ይጠቀልለዋል፤ እሳቸው መልሰው ይዘረጉታል። ከዚያ ወዲህ እዚያ የወደቀ ሰው አላየሁም።

ባለፈው ሳምንት ባለ ሕንፃው እንግዳ ይዞ መጣ። ጭቃ ጫማውን በጋሼ ከድር ጆንያ ላይ ጥርግ ጥርግ አድርጎ፣ ወደ ላይ እየጠቆመ እንዲህ ሲል በጆሮዬ ሰማሁት፦

«አየህ፣ ይህን ማስታወቂያ ከለጠፍኩ ወዲህ ሰው መጠንቀቅ ጀመረ!»