በሽማግሌ የተፈረደበት ኮምፒውተር

ገንዘብ የሌለው ሰው ሰላማዊ ሰው ነው። ሱቅ በር ላይ ቆሞ ዕቃውን ያያል፣ «ያምራል» ይላል፣ መንገዱን ይቀጥላል። ብዙ ያለውም እንዲሁ ሰላማዊ ነው፤ «ሁሉንም ጠቅልልልኝ» ብሎ ይገላገላል። መከራው ያለው ትንሽ ያለችው ሰው ላይ ነው። ትንሽ ያለችው ሰው መምረጥ አለበት። የመረጠ ሰው ደግሞ፣ እናንተም ታውቁታላችሁ፣ የወሰደውን ትቶ ስለተወው ሲብሰለሰል ያድራል።

እኔና ይበልጣል ትንሽ ያለችን ሰዎች ነን። ይበልጣል የሚስቴ የባንቺአምላክ ታናሽ ወንድም ነው፤ ኮሌጅ ያስተምራል። እኔ እዚሁ ባሕር ዳር አንድ ፋብሪካ ውስጥ የግዥ ሠራተኛ ነኝ። ይኸውም ቀኑን ሙሉ የማልጠቀምበትን ዕቃ በሰው ገንዘብ ስገዛ እውላለሁ ማለት ነው። ሦስት ፕሮፎርማ ሳላሰባስብ እስክሪብቶ እንኳ አልገዛም። ይህን አስቀድሜ የምነግራችሁ ወደፊት የምትሰሙትን ጥፋት ስትሰሙ «ምን ያድርጉ፣ ሳያውቁ ነው» ብላችሁ እንዳታዝኑልን ነው። እናውቅ ነበር።

ኮምፒውተሩ የጋራችን ነው። አንድ አንድ በሬ ያላቸው ገበሬዎች በሬዎቻቸውን አቀናጅተው ተራ በተራ ያርሱ የለ? እኛም ተቀናጀን። እሱ ስክሪኑን አመጣ፣ እኔ ሣጥኑን ከነሆድ ዕቃው አመጣሁ፣ ግሽ አባይ ሰፈር ካለው ቤቴ ሳሎን ጥግ ላይ ተከልነው። ባንቺአምላክ ያን ጥግ ለቡፌ ነበር ያሰበችው። አንድ ቀን እሱ ይጫወታል፣ አንድ ቀን እኔ። እሁድ የማን ትሁን ብለን ስንከራከር ባንቺአምላክ «ሰንበት አይታረስም» አለችና ማሽኑን አጥፍታ ዳንቴል አለበሰችው። ከዚያ ወዲህ እሁድ የእሷ ሆነች።

ይህን ያህል ዕድሜ የጠገበ ሰው ጌም ይጫወታል ወይ? ይጫወታል። አትፍረዱ። እኔ የምጫወተው ደግሞ የቁም ነገር ጨዋታ ነው፤ ከተማ እገነባለሁ። መንገድ እዘረጋለሁ፣ ውሃ አስገባለሁ፣ ግብር እሰበስባለሁ። በእኔ ከተማ መብራት ጠፍቶ አያውቅም። አንዳንዴ ቢጠፋ እንኳ የእኛ ሰፈር መብራት ሲጠፋ ነው። ይበልጣል መኪና ይነዳል። በእውኑ ከብስክሌት በቀር የነዳው ነገር የለም፣ ስክሪኑ ላይ ሲቀመጥ ግን ገደል ለገደል የሚከንፍ ጉድ ነው።

ታዲያ ማሽኑ አረጀ። የእኔ ከተማ ሕዝቡ ሲበዛ ይንቀራፈፍ ጀመር። አውቶቡሱ ከአንዱ ፌርማታ ተነሥቶ ሁለተኛው እስኪደርስ ሻይ አፍልቼ፣ ጠጥቼ፣ ብርጭቆዬን አጥቤ እመለሳለሁ። ይህ የፕሮሰሰሩ ድካም ነው፤ ፕሮሰሰር ማለት የማሽኑ አንጎል ነው። ይበልጣል ዘንድ ደግሞ ሥዕሉ ይቆራረጣል። መኪናው አንዴ አስፋልት ላይ ነው፣ አንዴ ጫካ ውስጥ፤ በመካከሉ ምን እንደ ደረሰበት የሚያውቅ የለም። ይህ የግራፊክስ ካርዱ ድካም ነው፤ ሥዕሉን የሚሥለው እሱ ነው። ሦስተኛም ነበረ፤ ኤሌክትሪኩን ከግድግዳው ተቀብሎ ለሌሎቹ የሚያከፋፍለው ፓወር ሰፕላይ የሚባለው። እሱም አርጅቷል፣ አዲስ ሸክም እንደማይችል እኔም ይበልጣልም እናውቃለን። ግን ለፓወር ሰፕላይ ማን ይጨነቃል? ብትቀይረው ስክሪኑ ላይ የሚታይ ነገር የለም። ጎረቤት ጠርቶ «ኑ ፓወር ሰፕላዬን እዩልኝ» ያለ ሰው እስካሁን አልገጠመኝም።

በጋራ የገባንበት ዕቁብ ደረሰንና ነገር ተጀመረ። ብሩ የሚበቃው ለአንዱ ነው። ይበልጣል ካርድ አለ። እኔ ፕሮሰሰር አልሁ። መጀመሪያ በማስረጃ ተከራከርን፣ ቀጥሎ በድምፅ፣ ቀጥሎ በነገር። የአንተ ጨዋታ ጨዋታ ሳይሆን የመሥሪያ ቤት ሥራ ነው፣ ደመወዝ የማይከፈልበት ማዘጋጃ ቤት ነው አለኝ። እኔም ብስክሌቱን በየሳምንቱ ለሚያስጠግን ሹፌር ካርድ ምን ያደርግለታል አልሁ። ይሄን ባልል ይሻል ነበር። ዕድሜውን ሙሉ «ጋሼ» ሲለኝ የኖረ ልጅ በስሜ ጠራኝና በሩን ዘግቶ ወጣ። በማግሥቱ እኔ ሥራ ቦታ ሳለሁ መጥቶ ስክሪኑን ነቅሎ ሄደ። ያው በሬውን ፈትቶ ወሰደ ማለት ነው። እኔም ሣጥኔን አቅፌ ቀረሁ።

ከዚያ በኋላ ቤታችን አልመጣም። ስልክ ሲደወልለት ለእኅቱ ያነሣል፣ የእኔን ድምፅ ሲሰማ ኔትወርኩ ይቆራረጥበታል። ፋሲካ ደግሞ እየደረሰ ነው። ይበልጣል እናት አባቱ ካረፉ ወዲህ ከእኛ ቤት ሌላ ጾም ፈትቶ አያውቅም። ባንቺአምላክ ብዙ የምትናገር ሴት አይደለችም። አንድ ቀን ሣጥኑ ላይ የነበረውን አቧራ እየጠረገች፣ ዞር ብላ እንኳ ሳታየኝ፣ «ወንድሜን በቆርቆሮ ለወጥኸው» አለች።

እሷም ዝም ብላ አልተቀመጠችም፤ ሽማግሌ ላከች። ሽማግሌዎቹ ሁለት ናቸው። መሪጌታ እንየው ጣና ላይ ካሉት ደሴቶች በአንዱ የሚያገለግሉ ሊቅ ናቸው፤ ስንት ባልና ሚስት ያስታረቁ፣ የስንት ወንድማማች ድንበር የለዩ። አቶ ደሴ የጎረቤታችን ሰው፣ ከፋብሪካ ጡረታ የወጡ። ቅዳሜ ከሰዓት መጡ። መሪጌታ ጭራቸውን ይዘው ሶፋው ላይ ተቀመጡ፣ አቶ ደሴ አጠገባቸው። ይበልጣልም በእነሱ ጥሪ መጥቶ በሩ አጠገብ ተቀመጠ። ጸሎት ተደረገ። ያው ሥርዓቱ ነውና የተበደለ ይናገር ተባለ። ሁለታችንም ብድግ አልን።

በዕድሜ እኔ ቀደምሁ። ፕሮሰሰር ምን እንደ ሆነ፣ ካርድ ምን እንደ ሆነ አስረዳሁ። አንዱ ያስባል፣ አንዱ ይሥላል አልሁ። መሪጌታ ጥቂት አሰቡና፣ የቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ የሚሥል ሰዓሊ መጽሐፉን የሚያውቅ ሰው ካልነገረው ምን ይሥላል ብለው ጠየቁ። እኔ ደስ አለኝ፣ ፈረዱልኝ ብዬ ወደ ይበልጣል አየሁ። ቀጠሉናም፣ ግድግዳው ባዶ ከሆነስ ፊደል ያልቆጠረው ምእመን ምን ያያል አሉ። አሁን ደግሞ ይበልጣል ወደ እኔ አየ። አቶ ደሴ የመብራት ቆጣሪው በማን ስም እንደ ሆነ ጠየቁ። በእኔ ስም ነው አልሁ። «እሺ» ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ለምን እንደ ጠየቁ እስካሁን አልገባኝም። በመጨረሻ መሪጌታ፣ በነገሩ ውስጥ ያለ፣ ያልተጠራ ሌላ ወገን አለ ወይ ብለው ጠየቁን። የለም፣ ሁለታችን ብቻ ነን አልን። ከተጣላን ወዲህ ባንድ ቃል የተናገርነው ያን ጊዜ ነው።

ሽማግሌ ሲመክር ባለጉዳይ ይወጣልና ወደ ግቢ ወጣን። እኔ በማንጎው ዛፍ ወዲህ፣ እሱ ወዲያ ቆምን። ከስቷል። ማን ያበስልለታል ብዬ አሰብሁና ተናደድሁ፤ በማን እንደ ተናደድሁ ግን አላውቅም።

ተጠራን። ፍርዱ አጭር ነበር። አንዱ ሙሉ ቢያገኝ ሌላው ቂም ይይዛል፤ ስለዚህ ብሩ እኩል ይከፈል፣ በግማሹ ካርድ፣ በግማሹ ፕሮሰሰር ይገዛ፣ ስክሪኑም ወደ ቦታው ይመለስ። አያችሁ፣ ሽማግሌ መሬት ሲያካፍል እንዲህ ነው፤ ላም ሲያካፍልም ጥጃውን ላንዱ፣ እናቲቱን ላንዱ ብሎ ያስማማል። እኔ ግን የግዥ ሠራተኛ ነኝ። በግማሽ ዋጋ ግማሽ ዕቃ እንደማይገኝ፣ የሚገኘው ሌላ ሰው የጣለው ሙሉ ዕቃ እንደ ሆነ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ልናገር አፌን ከፈትሁ። ባንቺአምላክ አየችኝ። ዘጋሁት። ደግሞስ ሽማግሌን እምቢ ብሎ በዚህ አገር ማን ኖሯል? ይበልጣል ጉልበቴን ሊስም ዝቅ ሲል ሳይደርስ ያዝሁትና ጉንጩን ሳምሁት። ዓይኑ እንባ አቅርሯል። እኔም፣ ልደብቃችሁ አልችልም፣ በጣም ናፍቆኝ ነበር።

ዕቃውን አብረን ገዛን። ካርዱ ጡብ የሚያህል፣ ሁለት ማራገቢያ ያለው፣ ስንት ቤት እንደ ዞረ የማይታወቅ ነው። ፕሮሰሰሩም ወጣት አይደለም። ሱቅ ውስጥ ቆመን፣ ፓወር ሰፕላዩስ የሚል ሐሳብ ለእኔ መጣልኝ። ለይበልጣልም እንደ መጣለት ከፊቱ ያስታውቃል። ግን ከማን ግማሽ ይነሣ? ከእኔ ግማሽ ይነሣ ብል ተሸነፍሁ፣ ከእሱ ይነሣ ብል ጠብ ጫርሁ። የሽማግሌ ፍርድ በዕርቅ ማግሥት ማፍረስ ደግሞ ነውር ነው። ስለ ሰላም ስንል ሁለታችንም ዝም አልን።

ቤት ገብተን ገጣጠምነው። በራ! ያን ሰዓት ብታዩን። አውቶቡሶቼ ከፌርማታ ፌርማታ ይበርራሉ። ይበልጣል ተቀበለኝና መኪናውን አስነሣ፤ መንገዱ መንገድ፣ ዛፉ ዛፍ ሆነ። ባንቺአምላክን ጠራናት፣ መጥታ ቆመች፣ ከወንድሟ ኋላ እጇን ትከሻው ላይ አድርጋ ሳቀች። ጥቂት ቆይቶ ምን ያርራል አልሁ። ምድጃው ላይ የጣድሁት የለም አለች። ጷ! የሚል ድምፅ ተሰማ፣ ከሣጥኑ ጀርባ ጭስ ወጣ፣ ቤቱ ጨለመ። ከጎረቤት የደነገጠ የለም። የእኛን ቤት ጨለማ ሲያዩ መብራት ሊሄድ ነው ብለው ሻማቸውን አዘጋጁ።

ፓወር ሰፕላዩ ለብቻው አልሄደም። ካርዱን፣ ፕሮሰሰሩን፣ የተተከሉበትን ሰሌዳ ሳይቀር ይዟቸው ሄደ። ጥገና ቤት ወስደን አስከፈትነው፤ ባለሙያው አሽትቶ ብቻ መልሶ ዘጋው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይህ ነው። የእኛ እንኳ የቆጡም የብብቱም ነው የወደቀው።

እኔ ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። ይሄ ፍርድ የማን ነው? የሽማግሌዎቹ አይደለም? የፈረዱት ነገር ሲፈርስ ለፈራጁ ይነገራል፤ ይህም ሥርዓት ነው። ይበልጣልም ተስማማ። መሪጌታ ወደ ደሴታቸው ሊሻገሩ ጀልባ ተራ እንዳሉ ሰምተን ባጃጅ ይዘን ወረድን። በመንገድ ላይ የምናገረውን አዘጋጀሁ። «እርስዎን ለመውቀስ ሳይሆን» ብዬ ልጀምር አሰብሁ፤ ይበልጣል «ለመውቀስ» የሚለው ይከብዳል፣ «ለማስታወስ ያህል» ይሁን አለኝ። ልክ ነው ብዬ አስተካከልሁት። እየተቀባበልን አሳምረን ጨረስነው።

መሪጌታ ሐይቁ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ጀልባዋ ሰው እስክትሞላ ይጠብቃሉ። ጉልበት ስመን ነገሩን ከነጭሱ ነገርናቸው። ፍርዱ ማሽኑን ገደለው አልናቸው፤ በዘዴ ነው እንጂ፣ በጨዋ ቋንቋ። እስክንጨርስ አላቋረጡንም።

«አብራችሁ ነው የመጣችሁ?» አሉ።

«አዎ፣ መሪጌታ» አልሁ።

«በአንድ ባጃጅ?»

«በአንድ ባጃጅ።»

«በመንገድ ላይስ ትነጋገሩ ነበር?»

«ስንነጋገር ነው የመጣን» አለ ይበልጣል።

«እህ» አሉ መሪጌታ፣ «ታዲያ የተበላሸው ምንድን ነው?»

እኔና ይበልጣል ተያየን። ባለጀልባው ሞተሩን አስነሣ፣ መሪጌታ ባረኩንና ተሻገሩ። ውሃው ዳር ቆመን እስኪርቁ አየናቸው። ከዚያ ይበልጣል መሳቅ ጀመረ፣ እኔም ሳቅሁ፤ ሰው እስኪያየን ድረስ ሳቅን። የፋሲካን ጾም ከእኛ ጋር እንደሚፈታ ሳልጠይቀው ነገረኝ። ዶሮውን እኔ እገዛለሁ አለ፣ አይሆንም አልሁት።

በዘንባባዎቹ ሥር እየሄድን ስለሚቀጥለው ዕቁብ አነሣን። አሁን ተምረናል፤ መጀመሪያ ፓወር ሰፕላይ፣ አዲስ፣ ከነካርቶኑ አለ። ትክክል አልሁ። ሰሌዳውም ደህና ይሁን አልሁ። ይሁን አለ። ዕድሜዬን ሙሉ እንዲህ የተስማማሁት ሰው የለም። በተረፈው ደግሞ መጀመሪያ ካርዱን እንገዛለን አለ።

ባንቺአምላክ በር ላይ ቆማ ትጠብቀን ነበር። ሁለት ባጃጅ ተከታትሎ መጥቶ ደጃችን ላይ ሲቆም አየች። ከአንዱ እኔ ወረድሁ፣ ከሌላው ይበልጣል። ምን ሆናችሁ ብላ አልጠየቀችም። ስልኳን አወጣችና አቶ ደሴ ጋ ደወለች።