ወተቱ እስኪቀዘቅዝ

«ፈሪ ለእናቱ» ይባላል። ጀግናው ለአገሩ ሲሞት ፈሪው ለእናቱ ይተርፍላታል ማለት ነው። ይህን ተረት ያወጣው ሰው ራሱ ፈሪ እንደነበረ አልጠራጠርም፤ ጀግና ተረት ለማውጣት የሚበቃ ዕድሜ አያገኝም። እኔም ብዙ ዓመት ተጠልዬበታለሁ። አንድ ጉድለት ግን አለው። ስለ ሌላ ሰው እናት ምንም አይልም።

እናንተ ከደርግ በኋላ የተወለዳችሁ ልጆች «ያኔ ምን ትፈሩ ነበር?» እያላችሁ ትጠይቁናላችሁ። ጥይት የሚመስላችሁ አላችሁ። ጥይትማ ቢመጣ አንዴ ነው፤ እኛን በየቀኑ የሚያሸብረን ጥቃቅኑ ነበር። በር ላይ የቆመ የማናውቀው ላንድሮቨር። ስብሰባ ላይ ከሌላው ቀድሞ ማጨብጨብ ያቆመ እጅ። ከወትሮው ይልቅ በትሕትና ሰላም ያለን ሰው። በተለይ ትሕትና! የተቆጣ ሰው ገና አልወሰነም፤ ትሑቱ ግን ጨርሶ ነው የሚመጣው። እኔ ታዲያ በዘመኑ ካየሁት ሁሉ አብልጬ የፈራሁት አንድ ብርጭቆ ወተት ነው። አትሳቁ። ወይም ሳቁ፤ እኔንም አንዳንድ ቀን ይቃጣኛል።

ከዩኒቨርሲቲ በባዮሎጂ ተመርቄ ወደ ኮተቤ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተምር ነበር። ወሰን በሚባለው ሰፈር፣ ከአንድ ጋራዥ ጀርባ፣ አንዲት ክፍል ተከራይቻለሁ። ዕድሜዬ ሃያ ስድስት ነው፤ እናቴ ገጠር ናት፤ ለከፍተኛ ትምህርት ወደ ውጭ እንድሄድ ስሜ ወጥቷል። የቀረኝ አንድ ወረቀት ብቻ፣ የቀበሌ የድጋፍ ደብዳቤ። ያን ጊዜ ቀበሌ ያልደገፈው ሰው በገዛ እግሩም አይቆምም ነበር።

ነገሩ የተጀመረበት ሳምንት ስለ ሕዋስ የምናስተምርበት ነበር። ትምህርት ቤቱ ያለው አንድ ማይክሮስኮፕ ነው፤ ልጆቹ እንደ ጸበል ወረፋ ይዘው አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው ያያሉ። ከሽንኩርት ላይ ስስ ሽፋን ልጬ መስታወት ላይ ዘርግቼ፣ ከጤና ጣቢያ የለመንኩትን የቁስል አዮዲን አንዲት ጠብታ አደርግበታለሁ። ያኔ ባዶ የመሰለው ነገር ጡብ በጡብ የተሠራ ግንብ ይሆናል፤ በየጡቡ ውስጥ ቡናማ ነጥብ፣ ኑክሊየሱ፣ ጉብ ብሎ ይታያል። «ቲቸር፣ ቀድሞም ነበረ?» ይሉኛል። «ቀድሞም ነበረ፤ አዮዲኑ አሳየን እንጂ አልፈጠረውም» እላቸዋለሁ። ወጣት ሳለሁ እንዲህ ዓይነት አደገኛ ነገር እናገር ነበር።

በማግሥቱ የስታርች ምርመራ አሳየኋቸው። አዮዲን ድንች ላይ፣ ዳቦ ላይ፣ ዱቄት ላይ ሲያርፍ እንደ ቀለም ቀንድ ይጠቁራል፤ ስኳርና ጨው ላይ ቡናማነቱን አይለቅም። ልጆቹ ሲደነቁ እኔም ጉራ ያዘኝና ተጨማሪ ነገር አሳየሁ። የጠቆረውን የስታርች ውሃ በሙከራ ቱቦ እሳት ላይ ያዝኩት። ጥቁር ሰማያዊው ቀስ እያለ ለቀቀ፤ ውሃው ጠራ። «ጠፋ!» አሉ። ቱቦውን ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ነከርኩት። «ተመለሰ!»

«አልጠፋም፤ ሲሞቅ ይደበቃል፣ ሲቀዘቅዝ ይመለሳል» አልኳቸው። ከፊት ወንበር የምትቀመጠው ጫልቱ ቃል በቃል ስትጽፈው አየኋት።

ከዚያ የሕይወቴን ትልቁን ስሕተት ሠራሁ። የቤት ሥራ ሰጠሁ። «ነገ ከየቤታችሁ አንድ አንድ ነጭ ነገር አምጡ።»

ጨው መጣ፣ ጠመኔ መጣ፣ አንዱ ኖራ ከግድግዳ ፍቆ አመጣ። ጫልቱ በደብተር ወረቀት ጠቅልላ የወተት ዱቄት አመጣች። አባቷ ግንባር ዘምቶ ስለነበር ለሕፃን ወንድሟ ከቀበሌው ሕብረት ሱቅ በራሽን የሚሰጥ ወተት ነው። ቤታቸው በእኔው ቀበሌ፣ ወደ እንጦጦ ግርጌ ጠጋ ብሎ ነበር፤ እናቷ ወይዘሮ አያንቱ ሕፃኑ አልፋፋ ስላላቸው ኪዳነ ምሕረት ሰባት ቀን ጸበል አስጠምቀውታል። ጫልቱ ይህን እየነገረችኝ ነው እኔ ጠብታዋን የጣልኩት።

ጠቆረ።

ስድሳ ልጅ ባንድ ጊዜ ዝም ሲል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ወተት ውስጥ ስታርች እንደሌለ ያስተማርኳቸው እኔው ነኝ። ዱቄት የጨመረበት ማን እንደሆነ ደግሞ ማስተማር አያስፈልግም፤ የሱቁን ቁልፍ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ የሚዞረውን ሰው ሕፃን ልጅም ያውቀዋል።

«እጅሽን አልታጠብሽ ይሆናል» አልኩ።

«ታጥቤአለሁ፣ ቲቸር።»

«ወረቀቱ ይሆናል።»

«ሌላ ወረቀት ላይ እንሞክረው?» ብላ ከደብተሯ ቀደደች። ሞከርነው። ጠቆረ።

ወይዘሮ አያንቱ ደፋር ሴት ናቸው። በማግሥቱ፣ ሐሙስ፣ የሱቁ ሰልፍ መሐል ቆመው «ባሌ ለአገር ሲዋጋ እናንተ ለልጄ ወተት ብላችሁ ዱቄት ትሰፍሩልኛላችሁ? መምህሩ መርምሮ አገኘው!» አሉ። መምህሩ! ስሜን አልጠሩም፤ ግን በአካባቢው ስንት መምህር አዮዲን ይዞ ይዞራል?

የቀበሌው ሊቀመንበር፣ ያው ባለ ቁልፉ፣ በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ክፍሌ ድረስ መጣ። ከአብዮቱ በፊት የዕድር ጡሩምባ ነፊ ነበር ይባላል፤ ሰው መሞቱን ይነግር ነበር ማለት ነው። ሥራው ብዙም አልተለወጠም። አብሮት ጠመንጃ የያዘ የአብዮት ጥበቃ አለ፤ እሱ ምንም ሳይናገር የመጻሕፍቴን ጀርባ አንድ በአንድ ያያል።

«ጓድ መምህር፣ እንደምን ሰነበትክ? ደህና ነህ? ጤናህስ?» አለኝ ሊቀመንበሩ። ትሑት ሆኖ መጣ፤ ጨርሷል ማለት ነው።

«እግዜር ይመስገን» አልኩና ምላሴን ነከስኩ።

«ያቺ ሴትዮ በስምህ ውዥንብር ትነዛለች። እኔ አላመንኩም። አንተ የተማርክ ሰው ነህ፤ ደብዳቤህም ጠረጴዛዬ ላይ ነው፣ እሱን አትርሳ። እሑድ ስብሰባ ላይ በሰፊው ሕዝብ ፊት ትመረምርልናለህ። ሳይንስ ይፍረድ!» በሩ ጋ ደርሶ ዞር አለ። «መቼም ሳይንስ ካሻጥረኞች ጋር አያብርም፤ አይደል?»

የሒሳቡ አስተማሪ ጓደኛዬ ባለፈው ዓመት «ለአንድ ጥያቄ ትፈለጋለህ» ተብሎ ከክፍል ተጠርቶ ወጥቶ ነበር። ኮቱ እስከዚያ ቀን ድረስ የመምህራን ክፍል ሚስማር ላይ ተሰቅሎ ነበር፤ የሚያወርደው ሰው ጠፋ። ከሐሙስ እስከ እሑድ ያንን ኮት ሳስብ ሰነበትኩ። እውነቱን ብናገር ኮቴ ሚስማር ላይ ይቀራል። እምቢ ብል እንደዚያው። አዮዲኑን ውሃ ላድርገው? ሊቀመንበሩ የራሱን ጠርሙስ ሊያመጣ ይችላል። ቅዳሜ ጠዋት ፊቴን ልታጠብ ያሞቅሁት ውሃ እንፋሎት ዓይኔ ውስጥ ሲገባ መፍትሔው ታየኝ። ሲሞቅ ይደበቃል!

የተማረ ፈሪ ካልተማረ ፈሪ የሚለየው በዚህ ነው። ያልተማረው ይሸሻል። የተማረው ዘዴ ያገኛል።

እሑድ አዳራሹ ሞላ። ማን ይቀራል? ጠረጴዛው ላይ ብርጭቆ፣ የወተቱ ዱቄት፣ አዮዲኔ። «ወተት የሚበጠበጠው በፈላ ውሃ ነው፤ ምርመራውም እንደዚያው ነው» አልኩና ከምድጃ የወረደ ማንቆርቆሪያ አስመጣሁ። ሦስት ማንኪያ ዱቄት፣ ከላይ የሚንተከተክ ውሃ። አማሰልኩት። ጠብታዋን ጣልኩ። አንዴ ቡናማ ብላ ተበተነች፤ ወተቱ ነጭ ሆኖ ቀረ።

«ንጹሕ ነው» አልኩ። ድምፄ የሌላ ሰው መሰለኝ።

አዳራሹ አጨበጨበ። ሊቀመንበሩ ብርጭቆውን ከፍ አድርጎ «አያችሁ ጓዶች፣ እንዴት ወፈር እንዳለ! ቅባቱ ነው!» አለ። እውነትም ወፍሮ ነበር። በፈላ ውሃ የተመታ ዱቄት ሌላ ምን ይሆናል፣ ገንፎ ነዋ! ከዚያ ወይዘሮ አያንቱ ተነሥተው ግለ ሂስ እንዲያደርጉ ታዘዙ። ከእኔ እናት ጋር በዕድሜ ቢበላለጡ ትንሽ ነው። ነጠላቸውን አጣፍተው ቆሙ። «እኔ መሃይም ነኝ፤ ያልሆነውን ሆነ ብዬ ተናገርኩ» አሉ፤ ከዚያም ለራሳቸው ያህል «ያ ዋቅ» ብለው አምላካቸውን በኦሮምኛ ጠሩ። አንድ ጊዜ ብቻ አዩኝ። እኔ ኮርኒስ አየሁ።

እዚህ ላይ ስብሰባው ቢያበቃ ኖሮ ወግም አይኖርም ነበር። ሊቀመንበሩ ግን ድል አደረገና ንግግር ጀመረ። ስለ ኢምፔሪያሊዝም ተናገረ። ስለ ወተትና ስለ ላብ አደሩ ተናገረ። የእንጦጦ ነፋስ ደግሞ በተሰበረው መስኮት፣ ቀዳዳው ላይ የተወተፈውን ጋዜጣ እየገፋ ይገባል። ጥቅምት ነው፤ አጥንት ድረስ የሚዘልቅ ብርድ። ከብርጭቆው የሚወጣው እንፋሎት ቀጠነ። ከዚያ ቆመ። ሰውየው ስለ ፊውዳሊዝም ገና መጀመሩ ነው!

አባቶቻችን «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ብለዋል። እኔ ፊት የነበረው እውነት ለማደር ጊዜ አልነበረውም፤ ሊጠራም አይደለም፣ ሊጠቁር ነው። ነፋሱ በሚመታው በኩል፣ የብርጭቆው አፍ ላይ፣ የሚስማር ጫፍ የምታህል ሰማያዊ መስመር አየሁ። ዓይኔን ጨፍኜ ገለጥኩ። መስመሯ ጣት አክላለች። ጓድ ሊቀመንበር፣ ስለ ልጆችህ ብለህ አሳጥር! ጠመንጃ የያዘው ሰው አንድ እርምጃ ተራመደ፤ ወደ ጠረጴዛው ይሁን ወደ መስኮቱ እስከ ዛሬ አላወቅሁም።

ያኔ ከፊት ወንበር ጫልቱ ተነሣች። ቀጥ ብላ ወደ ጠረጴዛው መጣች። አለቀልኝ አልኩ። እናቷን ያዋረድኩባት ልጅ ናት፤ ደብተሯ ውስጥ ቃሌ ተጽፏል፤ አንድ ጣት ብትቀስር ይበቃል።

«ምን ፈለግሽ?» አለ ሊቀመንበሩ ንግግሩን አቋርጦ።

«ወተቱ እንዳይደፋ ብዬ ነው፣ ጓድ ሊቀመንበር። ለወንድሜ ልውሰድለት?»

አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ። ሊቀመንበሩም ደስ አለው። «ውሰጂለት! አያችሁ፣ ሕዝቡ ሱቁን ያምናል!» አለ፤ አስጨበጨበም። ብርጭቆውን በነጠላዋ ጫፍ ሸፍና አነሣች። በአጠገቤ ስታልፍ፣ እኔ ብቻ እንድሰማ አድርጋ፣ «ሲቀዘቅዝ ይመለሳል ብለውን ነበር፣ ቲቸር» አለችኝ።

ደብዳቤዬ ተጻፈ። ማኅተም ተመታበት። ከመሄዴ በፊት ግን ሌላ ሰው ሌላ ቦታ ጮኾ፣ ከበላይ የመጡ ሰዎች ሱቁን ፈተሹ፤ ወተትና ዱቄት ባንድ ጆንያ ተገኘ። ሊቀመንበሩ ጨዋ ሰው ነው፤ ምንም አልደበቀም። ቃለ ጉባኤውን አወጣ። «ባለሙያው መርምሮ ንጹሕ ነው ብሏል» ይላል፤ ከሥሩ የእኔ ፊርማ። «የፈሩት ይደርሳል» ማለት ይኸው ነው። እኔ በኢኮኖሚያዊ አሻጥር ሰባት ወር ታሰርኩ፤ እሱ ከቀበሌ ወደ በላይ አስተዳደሩ፣ ወደ ከፍተኛ፣ አደገ። የትምህርት ዕድሌ በዝርዝሩ ላይ ከሥሬ ለነበረው ልጅ ተሰጠ። እሱ ዛሬ ዶክተር ነው። እኔ ጋሼ ነኝ።

ይህን በደል በለቅሶ ቤት፣ በሰርግ ቤት፣ በታክሲ ውስጥ ስናገር ኖሬአለሁ። አንዲት ማንኪያ ዱቄት ሳልጨምር በዱቄት የታሰርኩ ሰው ነኝ፤ እውነት ነው። ብርጭቆው ላይ ስደርስ ግን ወሬውን አሳጥራለሁ። ስላልሠራሁት ጠየቁኝ። ስለሠራሁት የጠየቀኝ የለም።

ከአንድ ሰው በቀር። በታሰርኩ በሦስተኛው ሳምንት፣ እናቴ ገና ሳትሰማ፣ «ስንቅ መጥቶልሃል» ተባልኩ። ብወጣ ወይዘሮ አያንቱ ከአጥሩ ወዲያ ቆመዋል፤ ቴርሞስ ይዘዋል። ዘበኛው እንደ ደንቡ «ቅመሺው» አላቸው፤ ጎንጨት አሉለት።

«ሕፃኑስ?» አልኩ፤ ሌላ የምለው አጣሁ።

«ደህና ነው፤ መዳህ ጀምሯል። ያንን ዱቄት ከዚያች ቀን ወዲህ አላቀመስኩትም። ጎረቤቴ የወለደች ላም አለቻት።»

«እኔ እኮ... በስብሰባው ንጹሕ ነው ብዬ ነበር።»

«እርስዎ ብለዋል» አሉ። «ብርጭቆው ግን ቤት ስንደርስ ሌላ አለ።»

«ታዲያ ለምን መጡ?»

በጣም ቀላል ነገር የጠየቅኋቸው ይመስል ገረማቸው። «እናትዎ ሩቅ ናት ብላኛለች ልጄ።»

ወተቱን በቆርቆሮ ኩባያ ቀዳሁት። ትኩስ ነበር፤ ይተናል። አዮዲን የሌለበት ወተት ቢቀዘቅዝ እንደማይጠቁር የማውቅ የባዮሎጂ ምሩቅ ነኝ። ቢሆንም ጠበቅሁ። እንፋሎቱ ቀጠነ፣ ቆመ፣ ከላዩ ስስ ሽፋን ያዘ። ነጭ እንደሆነ ቀረ። ያኔ ጠጣሁት።

እስከ ዛሬም እንደዚያው ነኝ። ባለቤቴ «ትኩሱን ለምን አትጠጣም?» ትለኛለች።

«ይቀዝቅዝ» እላታለሁ።

«ቢቀዘቅዝ ምን ይመጣል ብለህ ነው?»